ያፈጠርኩበት የአለት ሻይ

የአሠሪዬ የወይዘሮ ሊን፣ እዚህ ጀርመን አገር እንደሚሉት የፍራው ሊን፣ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው ባለፈው መኸር ነው። በመጀመሪያ ስኒ ሲያነሱ ብቻ ነበር። ኋላ ቁልፍ ሲያዞሩም፣ ስማቸውን ሲፈርሙም ሆነ። ሁለት ዓመት በሻይ ሱቃቸው አብሬያቸው ስለሠራሁ ከእሳቸው ቀድሜ ያየሁት ይመስለኛል፤ ግን አልተናገርኩም። እሳቸውም አልተናገሩም። አንድ ቀን ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ስገባ፣ ከቅምሻው ጠረጴዛ ኋላ ያለውን የራሳቸውን ወንበር ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቅጂ» አሉኝ።

ሱቁ ፍራንክፈርት፣ ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ብስክሌት ጠጋኝና በአንድ ዳቦ ቤት መሃል ነው። ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ የቆርቆሮ ጣሳዎች ሞልተውታል። እዚህ ከመቀጠሬ በፊት ሻይ ማለት ለእኔ አንድ ነገር ነበር፤ ተፈልቶ፣ ቅርንፉድ ገብቶበት፣ ስኳር ጠግቦ የሚጠጣ ትኩስ ነገር። ደሴ ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ፤ ስለ ታኒንና ስለ ካፌይን ተፈትኜ አልፌአለሁ። ቅጠሉን ግን አንድም ቀን ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ፍራው ሊን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ረጅም፣ ጥቁር፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ቅጠል መዳፌ ላይ አኖሩና «ይህ ከድንጋይ የወጣ ነው» አሉኝ። ጀርመንኛዬ ገና ስለነበር ያልገባኝ መሰለኝ። ገብቶኝ ነበር።

ቅጠሉ ኡሎንግ ይባላል። አረንጓዴ ሻይ አይደለም፤ ጥቁር ሻይም አይደለም። ከተቀጠፈ በኋላ ሰፌድ ላይ ይንገዋለላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይንገዋለላል፤ ጠርዙ ቀልቶ መሃሉ አረንጓዴ እንደሆነ እሳት ላይ ይወጣል፣ ይታሻል፣ በመጨረሻም በከሰል ሙቀት ቀስ ብሎ ይደርቃል። በቻይና ደቡብ ምሥራቅ ዉዪ የሚባሉ ተራሮች አሉ። እዚያ ቋጥኞች መሃል የሚበቅለውን ኡሎንግ የአለት ሻይ ይሉታል። ቻይናዊቷ ፍራው ሊን ስሞቹን አንድ በአንድ አስተማሩኝ፤ ዳ ሆንግ ፓኦ፣ ትልቁ ቀይ ካባ ማለት ነው፤ ቲዬ ሉዎ ሃን፣ የብረቱ መናኝ፤ ባይ ጂ ጉዋን፣ የነጭ አውራ ዶሮ ጉትና። ከሁሉም እሳቸው የሚወዱት ሮው ጉይ የሚባለውን ነው። ትርጉሙ ቀረፋ ነው።

በሮመዳን መጀመሪያ ላይ ፍራው ሊን ከሐኪም ቤት ተመልሰው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነገሩኝ። እጃቸው አይድንም፤ መድኃኒቱ ሕመሙን ከማዘግየት በቀር የሚሠራው የለም። ሃምቡርግ ያለው ልጃቸው ሱቁን ዘግተው አብረውት እንዲኖሩ ይፈልጋል። እሳቸው ደግሞ ሱቁን ለእኔ ትተው፣ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው እየወረዱ ሊጎበኙኝ ይፈልጋሉ። ግን አንድ ነገር ይቀራል።

የአለት ሻያቸው የሚመጣው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ሄር ቼን፣ ማለትም አቶ ቼን፣ ይባላሉ፤ ኑሯቸው ዉዪ ነው። ቤተሰባቸው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያንኑ ገደል ሲለቅም የኖረ ነው። በዓመት ስድስት ኪሎ ይልካሉ፤ ለማን እንደሚልኩም የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። የሚቀዳውን እጅ ሳያዩ ለማንም አይሰጡም። የፍራው ሊንን እጅ ያዩት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ነው። አሁን ሽቱትጋርት ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተዋል፤ ሲመለሱ አውሮፕላናቸው ከፍራንክፈርት ስለሚነሳ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱቁ ይመጣሉ።

«እጅሽን ካመኑበት ሻዩ መምጣቱን ይቀጥላል፤ ሱቁም ያንቺ ነው» አሉኝ ፍራው ሊን። «ካላመኑበት በሰኔ እዘጋለሁ። ያለዚህ ሻይ ሌላው ሁሉ ለእኔ ባዶ ጣሳ ነው።»

ቀኑን ሲነግሩኝ በልቤ ቆጠርኩ። የሮመዳን ሃያኛው ቀን ነበር፤ ቀጠሮውም 17፡00 ላይ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት። ፍራው ሊንም አሰቡት። ሳትቀምሺ መቅዳት ትችያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ቀኑ ይዛወር ለማለት አፈርኩ፤ አውሮፕላን አይዛወርም። ደግሞ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የአሥራ ሁለት ጣሳ ሽታ ለይቼ አሳይቻቸው አውቃለሁ። ስለዚህ ማሽተት ይበቃኛል አልኳቸው።

የምኖረው ከከተማዋ ዳር፣ ዞሰንሃይም ውስጥ፣ ከአጎቴ ከከቢርና ከሚስቱ ከሙንተሃ ጋር ነው። ያን ቀን ማታ ፍጡር ላይ፣ ጾም ስንፈታ፣ ነገሩን ሳወራ፣ አጎቴ ሳምቡሳውን አስቀምጦ ሮው ጉይ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀረፋ ማለት ነው አልኩት።

«እንግዲህ የቀረፋ ሻይ ነው» አለ። «ለዚህ ነው ሰውዬው በአውሮፕላን የሚመጡት? ሙንተሃ፣ ጓዳሽን ቆልፊ፤ ፈላጊው በዝቷል።»

ቀረፋ እንደማይገባበት፣ ቅጠሉ ራሱ እንደዚያ እንደሚሸት አስረዳሁት። ሙንተሃ ስኳሩስ አለችኝ። ስኳር የለውም ስላት ለቻይናዎቹ ከልቧ አዘነች። አጎቴ ግን ከምግቡ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱ በሚሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ የጽዳት ፈረቃ ላይ ሰው እየፈለጉ መሆኑን ነገረኝ። ወደ ጀርመን እንደመጣሁ ስምንት ወር የሠራሁበት ሥራ ነው። ክፉ አልነበረም። ግን በዚያ ስምንት ወር ውስጥ ያስገረመኝን አንድ ነገር ንገሪ ብባል የምናገረው የለኝም።

ሄር ቼን በሰዓታቸው መጡ። አጭርና ቀጭን ሰው ናቸው፤ የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ በከሰል ጠቁሮ ቀርቷል። ከፍራው ሊን ጋር ብዙ አልተነጋገሩም። የሚንቀጠቀጠውን እጅ አንድ ጊዜ አዩ፤ ከዚያ በእንግዳ ወንበር ተቀምጠው ጽሑፍ የሌለባቸው ሁለት የወረቀት ጥቅሎች ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

የሚናገሩትን ፍራው ሊን ወደ ጀርመንኛ እየመለሱ ነገሩኝ። ሁለቱም ሮው ጉይ ናቸው። ዘሩ አንድ፣ የተለቀመበት ጸደይ አንድ፣ የደረቀበት እሳት አንድ፣ የሠራው እጅ አንድ። አንደኛው ግን የበቀለው በሁለት ገደል መሃል ነው፤ ሌላው ከተራራው ግርጌ፣ ወንዝ ዳር ባለ ሜዳ። ገበያ ላይ የሜዳው በገደሉ ስም ይሸጣል፤ የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። «የትኛው የአለቱ እንደሆነ ትንገረኝ» ብለዋል።

ውሃው ፈላ። ጋይዋን የሚሉትን ባለክዳን የፖርሰሊን ስኒ አሞቅሁት፤ የመጀመሪያውን ጥቅል ቅጠል ጨመርኩ፤ ውሃ አፍስሼ ወዲያው ደፋሁት። በእኛ ቤት የመጀመሪያው የእንግዳው ነው፤ እዚህ የመጀመሪያው ይደፋል፣ ቅጠሉን ከእንቅልፉ ለመቀስቀስ። ይህን ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል። ሁለተኛውን ውሃ ጨመርኩ፤ በልቤ ቆጠርኩ፤ በሦስት ጣት ይዤ አጋደልኩት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔ ግን የሄር ቼን ጠቋቁረው የቀሩ ጣቶች ላይ ነበር፤ የተቀመጡት ሽማግሌ ናቸው፣ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው፣ በእኔ እጅ ነው የሚጠጡት ብዬ እያሰብኩ ነበር። ስመለከት ስኒያቸው እስከ አፉ ሞልቷል። ጠርዙ ላይ ጉብ ብሎ ሊፈስ ትንሽ ቀርቶታል።

ፍራው ሊን ስኒ ከአሥር ሰባት እጁ ብቻ እንዲሞላ አስተምረውኛል፤ ለደንበኞችም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምቀዳው። ጣት እንዳያቃጥል ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት እጄ የለመደውን የእናቴን ቤት ሥርዓት ሠራ።

ሄር ቼን ስኒውን አዩት። አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ፍራው ሊን ወዲያው አልተረጎሙልኝም።

«ልሂድ ወይ? ነው የሚሉት» አሉኝ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በእኛ ዘንድ ለእንግዳ ስኒ ሞልቶ መስጠት፣ ጠጣና ውጣልኝ ማለት ነው።»

ፊቴ ጋለ። ይቅርታ ብዬ ስኒውን መለወጥ እችል ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ግን ይቅርታው ብቻውን ውሸት መስሎ ተሰማኝ፤ ምክንያቱም በእጄ ውስጥ ክፋት አልነበረም።

«በእኛ ቤት ለትልቅ ሰው ጎደሎ ስኒ አይሰጥም» አልኩ። «ጎደሎ ከሰጠሁ ሰስቻለሁ ማለት ነው። የሞላሁት እንዲቆዩልኝ ነው።»

በዚያ ሱቅ ውስጥ ሳልጠየቅ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ፍራው ሊን ተረጎሙት። ሄር ቼን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስኒውን ሳያነሱ ጎንበስ ብለው ከጠርዙ ፉት አሉለት። ልክ የሰፈራችን አባቶች የሞላ ስኒ ሲቀርብላቸው እንደሚያደርጉት። አገራችንን አያውቁም፤ የሞላ ስኒ ግን በየትም አገር የሚጠጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው መሰለኝ። እኔ ፈገግታዬን ለመደበቅ ክዳኑን አነሳሁ።

ክዳኑ ላይ የቀረውን ሽታ ሳብኩት። ከሰል፣ ትንሽ ቀረፋ፣ እርጥብ ግድግዳ የሚመስል ነገር። የተዘጋ ሽታ ነበር፤ በር አንኳኩቼ የሚከፍት ያጣሁ ያህል። ሁለተኛውን ጥቅል በሌላ ጋይዋን አዘጋጀሁ። ይኸኛው ገና ክዳኑ ሳይነሳ ሱቁን ሞላው። ኮክ ነበረበት፣ አበባ ነበረበት፣ ቀረፋው እንደ አዲስ የተሰበረ ቅርፊት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ምንም ያልቀመሰው አፌ ውሃ ሞላ። ሦስት ጊዜ አሸተትኩት፤ ጥርጥር አልነበረኝም።

ሁለተኛው ነው አልኩ።

ፍራው ሊን ከመተርጎማቸው በፊት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ጊዜ መሳሳቴን አወቅሁ።

ሄር ቼን አልተቆጡም። ፊታቸውም አልተለወጠም። የጠየቁት ልጅቷ ለምን አትጠጣም የሚለውን ብቻ ነበር። እንደምጾም፣ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃም እንደማልጠጣ ተነገራቸው። እንግዲያስ የመለሰችልኝ በአፍንጫዋ ነው አሉ። ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደምትጠልቅ ጠየቁ። 18፡24 አልኩ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 17፡30 ይላል፤ ታክሲያቸው የታዘዘው ደግሞ ለ18፡30 ነው። ፍራው ሊን ወደ ታክሲው ድርጅት ደውለው በአንድ ሰዓት እንዲያዘገዩት ለመኑ። እኔ ጋይዋኖቹን አጥቤ አዲስ ቅጠል እስከምጨምር ድረስ ሄር ቼን ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡና ፎቶ አሳዩኝ።

መጀመሪያ የጉድጓድ ፎቶ መሰለኝ። በግራና በቀኝ ጥቁር ቀጥ ያለ አለት ቆሟል፤ ከላይ የሰማይ ክር ይታያል፤ ከታች በጠባቡ ወለል ላይ የሻይ ዛፎች ተሰልፈዋል። አለቱ ላይ ውሃ ያረጠባቸው ረጃጅም መስመሮች ይወርዳሉ። ፀሐይ እዚያ የምትገባው በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ነው አሉ። ውሃው ከቋጥኙ ስንጥቅ፣ አለቱን በሸፈነው የድንጋይ ሽበት ውስጥ አልፎ ጠብ ጠብ ይላል። አፈሩ የተፈረፈረ አለት ነው፤ ዝናብ በጠረገው ቁጥር የሰው ጀርባ ተሸክሞ ይመልሰዋል። መኪና አይደርስም። በለቀማ ጊዜ ቅጠሉ በትከሻ በሚያዝ ዘንግ፣ በቅርጫት፣ አንድ እግር ብቻ በሚያስቆም ደረጃ ይወርዳል፤ ፀሐይ ሳያገረጣው መውረድ ስላለበት ሰዎቹ ይሮጣሉ።

ሌላ ፎቶ አመጡ። ከፍ ያለ ገደል፣ መሃል ላይ በድንጋይ የተከበበ ትንሽ መደብ፣ መደቡ ላይ ጥቂት ቁጥቋጦዎች። የትልቁ ቀይ ካባ እናት ዛፎች ናቸው። ስድስት ናቸው። ዕድሜያቸው በመቶዎች ዓመታት ይቆጠራል፤ አሁን ማንም አይለቅማቸውም፣ ሰው ሁሉ ከታች ቆሞ አንጋጥጦ ያያቸዋል። ቅጠላቸው ተራ ነው። ገደል ላይ ባይሆኑ ኖሮ አጠገባቸው አልፌ ዞር ብዬ አላያቸውም ነበር። አሁን ግን ከስልኩ ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ሥራቸው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ በጨለማ ምን ያህል እንደሄደ አሰብኩ፤ ከድንጋይ ላይ ጠብታ እየለመነ መቶ ዓመት፣ ሁለት መቶ ዓመት። በእጄ የነበረውን ማንኪያ መልሼ ማስቀመጤን እንኳ አላስታውስም።

ስለ እሳቱም ነገሩኝ። ነበልባል የለውም፤ ፍሙ በአመድ ይሸፈንና ቅርጫቱ ከላይ ይቀመጣል። ቴርሞሜትር አይጠቀሙም። እጃቸውን ከቅርጫቱ ጎን ያስጠጉና ሙቀቱ ሲበዛ አመድ ይጨምራሉ፣ ሲያንስ አመድ ይገፋሉ። አባታቸውም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር። ኬሚስትሪ ተምሬአለሁ ብዬ ነበር፤ ያን ሲነግሩኝ የተማርኩት ስሙን ብቻ እንደሆነ ተሰማኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። ቴምር በላሁ፤ ውሃ ጠጣሁ፤ ጓዳ ገብቼ መግሪብን ሰግጄ ተመለስኩ። ስመለስ ሄር ቼን በእኔ ወንበር ተቀምጠው እየቀዱ ነበር። የእንግዳውን ወንበር በእጃቸው አሳዩኝ። እምቢ ለማለት ቆምኩ፤ ፍራው ሊን በዓይናቸው ተቀመጪ አሉኝ።

መጀመሪያ የሰጡኝ እኔ የመረጥኩትን ነበር። አሁንም ያምራል። ኮኩ አለ፣ አበባው አለ፣ ምላሴ ላይ ደስታ ነበር። ዋጥኩት። ከዚያ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ጥሩ ወሬ አውርቶ በሩን ዘግቶ እንደ ሄደ ሰው።

ሁለተኛውን ስኒ ሰጡኝ። ገና አፌ ውስጥ ሲገባ ከበደኝ። መራራ ነበር፣ ከሰል ነበር፤ አጎቴ ቢጠጣው ስኳር የሚለምንበት ዓይነት። ዋጥኩት። ከዚያ፣ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም፣ መራራው ከምላሴ ሥር ተገልብጦ ጣፋጭ ሆነ። ቀስ እያለ ከጉሮሮዬ ወደ ላይ ተመለሰ። ዝናብ የመታው ድንጋይ አየሁ፤ አሸተትኩ አይደለም፣ አየሁ ነው የምለው። የተነፈስኩት አየር ቀዘቀዘኝ። ከውጭ የሚያልፈው ትራም፣ የውሃ ማፍያው ድምፅ፣ ሁሉም ራቀ። ጸሎት ላይ አንዳንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ አይደለም፣ ሰው ራሱን ትንሽ ሆኖ የሚያገኝበት ቅጽበት አለ፤ ትንሽነቱም የማያሳፍር። እንደዚያ ነበር። ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላም እየጠጣሁ ነበር።

ስኒውን በሁለት እጄ አስቀመጥኩት።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «የአለቱ የመጀመሪያው ጥቅል ነው። ማሽተት ይበቃኛል ማለቴም ስህተት ነበር።»

ለፍራው ሊን ሱቃቸውን እንደዘጋሁባቸው ነበር የተሰማኝ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሄር ቼን ከወንበሬ ተነሱና ወደ ቦታዬ እንድመለስ ምልክት ሰጡኝ። ቅጠሉ አላለቀም፤ ቅጂ ማለታቸው ነበር። ቀዳሁ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን። በየጊዜው እንድጠጣ ጠበቁኝ፤ እኔ ሳልጠጣ እሳቸው አልጠጡም። ስድስተኛው ላይ ውሃውን ትንሽ ረዘም አድርጌ አቆየሁት፤ ምላሴ ጊዜው አጠረ ስላለኝ እንጂ ማንም አልነገረኝም። ሄር ቼን ያን ጊዜ ብቻ ለፍራው ሊን አንድ ነገር አሉ፤ እሳቸውም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አልተረጎሙልኝም። ሰባተኛው ላይ ታክሲው ደጅ ቆመ። ስምንተኛውን ጠጥተው ተነሱ።

ካፖርታቸውን ከለበሱ በኋላ ከቦርሳቸው አንድ ሌላ ጥቅል አወጡ፤ ወፍራም ነበር፣ በክር ታስሯል። ለፍራው ሊን አልሰጡም። ጠረጴዛውን ዞረው መጥተው በሁለት እጃቸው ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ረዘም አድርገው ተናገሩ። ፍራው ሊን ሲተረጉሙ ድምፃቸው ልክ እንደ እጃቸው ሆነ።

«ያለፈው ጸደይ ለቀማ ነው። እሳቱ ገና ከውስጡ አልወጣም፤ እስከ መስከረም አትክፈቺው። ስትከፍቺው መጀመሪያ ጠጪ፣ ከዚያ ለእኔ ደውዪና ያገኘሽውን ንገሪኝ። በአፍንጫ ብቻ ከሆነ አውቅብሻለሁ።»

ፍራው ሊን የሚቀጥለው ዓመትስ ብለው ጠየቋቸው። ሄር ቼን በሩን ይዘው ቆሙ፤ የመለሱት በመስከረሙ ስልክ ይወሰናል የሚል ነበር። ከዚያ ታክሲው ወሰዳቸው።

ጥቅሉ እጄ ላይ ይሞቃል፤ ወይም የሚሞቀው እጄ ነበር። ፍራው ሊን በሩን ከውስጥ ቆለፉ። ፎቅ ወደ ቤታቸው የሚወጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ሄር ቼን በለቀቁት የእንግዳ ወንበር ተቀመጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ እዚያ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላው ያዙት።

«ለልጄ ነገ እደውልለታለሁ» አሉ። «ሃምቡርግ አልሄድም፤ ሱቁም በሰኔ አይዘጋም።»

ዘጠነኛውን ውሃ ጨመርኩ። ቅጠሉ ያለቀለት መስሎኝ ነበር፤ የቀዳሁት ከውሃ የማይለይ ቀለም ነበረው። ፍራው ሊን ስኒውን በሁለት እጃቸው አንስተው ጠጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጠጣሁ። ቀረፋው ሄዷል፤ ከሰሉ ሄዷል። ድንጋዩ ግን እዚያው ነበር።